ጥያቄ አለኝ፦ ካቸርነት ስራ ነው እንዴ?

ባለፈው እትም የአሜሪካ ስፖርተኞችን ደሞዝ ሳወራ ስለ ቤዝቦል ሁለት ሶስት መስመር ጣል አርጌ ነበር፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ይሄን ያህል የቤዝቦል ጠያቂ አለ ብዬ ግን በህልሜም አላሰብኩም። ግማሹ አሜሪካ ዘመድ ያለው ነው፣ ግማሹ ጨዋታውን ፕሌይስቴሽን ቤት የተማረ ነው፣ አንዳንዱ ደሞ እኔን ለማስቸገር ብቻ የፃፈ ይመስላል። አብዛኛው ጥያቄ ካቸሩ ላይ፣ ማለትም ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ ሚይዘው ላይ፣ ስለሆነ የሌላውን ለሚቀጥለው አሳድሬ ዛሬ እሱን ብቻ ልመልስ። አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

«ሰላም ለአዘጋጁ። ኮምቦልቻ ነው ምኖረው። ወንድሜ ሜሪላንድ ከገባ ቆይቷል፣ ልጁ እዛው ተወልዶ አሁን 17 አመቱ ነው። ቤዝቦል ይጫወታል፣ ካቸር ነው ይሉታል፣ ያ ማስክ አርጎ ቁጢጥ ሚለው። ክረምት ላይ ሊጠይቁን ሲመጡ ማታ ማታ ጉልበቱ ላይ በረዶ ሲያስር አየሁት፣ አንድ ጣቱም አብጧል። አሁን ፕሮፌሽናል እሆናለሁ ኮሌጅ ሚባል አልገባም ብሎ ወንድሜን እንቅልፍ ነስቶታል፣ ወንድሜ ደሞ አንቺን ይሰማሻል ምከሪው ይለኛል። እኔ ጨዋታውን አላውቀው፣ ምን ብዬ ልምከረው? ቁጭ ብሎ ኳስ መያዝ ስራ ነው እንዴ? ስንት አመትስ ይሰራበታል? ከዛስ?» አክስት ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

እትዬ፣ መጀመሪያ አብሽሩ። በረዶውን ብዙዎቹ ከጨዋታ በኋላ ያረጉታል፣ እሱ ብቻውን አያስደነግጥም። ያበጠውን ጣት ግን ሀኪም ካላየው ይየው፣ እዚህ ሙያ ላይ ጣት ቀልድ አደለም።

«ቁጭ ብሎ ኳስ መያዝ» ያሏትን ነገር ልጁ እንዳይሰማት፣ ይቀየማል። ሜዳ ላይ አንድ ቡድን 9 ሰው ያሰልፋል፣ 8ቱ ፊታቸው ወደ መቺው ነው፣ ካቸሩ ብቻ ነው ከመቺው ኋላ ሆኖ ሜዳውን በሙሉ ፊት ለፊት ሚያየው። ሰው ሲያስረዳ ከበረኛ ጋር ያመሳስለዋል፣ አቀማመጡን ላየ እውነት ይመስላል፣ ግን ሆጤ ሜዳ ላይ በረኛ ሆኖ የቆመ ልጅ ግማሽ ሰአት ኳስ ሳይነካ በብርድ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ ካቸር እንደዛ ሚባል ነገር የለውም፣ ኳስ ወርዋሪው ማለትም ፒቸሩ በወረወረ ቁጥር ስራ አለ። ፒቸሩ ሚቆመው 18 ሜትር ከ44 ሳንቲም ላይ ነው፣ ኳሷ ወደ 145 ግራም ትመዝናለች፣ በሰአት 150 ኪሎ ሜትር ስትለቀቅ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅባትም፣ 160 ሚያልፉም አሉ። በአንድ ጨዋታ አንድ ቡድን 140 ገደማ ኳስ ይወረውራል፣ ያ ሁሉ ቁጢጥ ብድግ ቁጢጥ ብድግ ነው። ትልቁ ሊግ፣ ሜጀር ሊግ ሚሉት፣ ላይ አንድ ሲዝን 162 ጨዋታ አለው፣ ሁሉንም ሚችል ጉልበት ስለሌለ ዋናው ካቸር 120 አካባቢ ከተጫወተ ጎበዝ ይባላል፣ የቀረውን ተጠባባቂው ይሸፍናል።

ይሄ ገና የጉልበቱ ነው። ቀጣዩ ኳስ ፈጣን ይሁን ሚታጠፍ ይሁን፣ ወደ መቺው ጠጋ ይበል ይራቅ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሚወስነው ካቸሩ ነው፣ ፒቸሩ ካልተስማማ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ሌላ ያቀርብለታል። ለዚ ደሞ የተጋጣሚን መቺዎች አንድ በአንድ አጥንቶ ነው ሚገባው፣ ይሄኛው ባለፈው ምን አሳተው፣ ያኛው ምን አይነት ኳስ ይወዳል፣ የራሱ ፒቸር ዛሬ እጁ ደክሟል ወይስ ተናዷል። ለረጅም ዘመን ይሄን ሁሉ ሚያዘው በጣቱ ነበር፣ ቀኝ እጁን ጭኖቹ መሀል ደብቆ አንድ ጣት ሁለት ጣት፣ ማታ ላይ ጣቱ ለፒቸሩ አልታይ ካለ ጥፍሩን ደማቅ ቀለም ይቀባል ወይ ስቲከር ይለጥፍበታል። እትዬ፣ ልጁን ጥፍሩን ተቀብቶ ቢያዩት አይደንግጡ፣ ለዚ ነው። ከ2022 ወዲህ ትልቁ ሊግ ላይ ፒችኮም ሚባል መሳሪያ ስለገባ ቁልፍ ይጫናል፣ ፒቸሩ ኮፍያው ውስጥ ካለች ትንሽ ስፒከር ይሰማል፣ ጣቱ ትንሽ አረፈ።

ስንት አመት ላሉኝ፣ እንደ ሰውዬው ነው። ኢቫን ሮድሪገዝ ሚባለው የፖርቶ ሪኮ ሰው በ1991 በ19 አመቱ ገብቶ እስከ 2011 ተጫውቷል፣ ካቸር ሆኖ የጀመራቸውና የገባባቸው ጨዋታዎች 2,427 ናቸው፣ እስካሁን ማንም አልደረሰበትም። ያዲየር ሞሊናም ከፖርቶ ሪኮ ነው፣ ሴንት ሉዊስ ሚባለው ቡድን ውስጥ ብቻ ከ2004 እስከ 2022 19 ሲዝን ቁጢጥ ብሏል፣ ታላላቅ ወንድሞቹ ሁለቱም ካቸሮች ነበሩ፣ ሶስቱም የዋንጫ ቀለበት አላቸው፣ እናትየዋ እንዴት እንዳሳደገቻቸው እሷን መጠየቅ ነው ምንፈልገው። እነዚ ግን ከስንት አንድ ናቸው። ጆ ማወር በ2001 ቡድኖች በየአመቱ አዲስ ተጫዋች ሚመርጡበት ምርጫ ላይ ከአገሩ ልጆች ሁሉ አንደኛ ተመርጦ የገባ፣ ካቸር ሆኖ ሶስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ መቺ የሆነ ሰው ነው፣ 2013 ላይ መቺው ጨርፏቸው የመጡ ኳሶች ማስኩን መተውት ጭንቅላቱ ተጎዳ፣ ከዛ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ቀየሩት። 2018 የመጨረሻ ጨዋታው ላይ ያንን ማስክና የደረት መከላከያ አንዴ ለብሶ ወጣ፣ አንድ ኳስ ያዘ፣ ወጣ፣ አበቃ። እኔ ይሄን ቪዲዮ ሳይ ሆዴ ይባባል፣ ሰው ይሄን ሁሉ አመት የደበደበውን እቃ እንዴት ይናፍቃል?

ገንዘቡን እንምጣበት። ትልቁ ሊግ ላይ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደሞዝ ለ2026 780,000 ዶላር ነው። ልጁን ያማለለው ይሄ ቁጥር ይመስለኛል፣ አልፈርድበትም። ግን የ18 አመት ልጅ ፈርሞ በቀጥታ እዛ ገባ ሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ማይነር ሊግ ሚሉት አለ፣ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ እያለ ሚወጣ። 2023 ላይ ተጫዋቾቹ በማህበር ተደራድረው ደሞዙ ከፍ ብሎ እንኳን ሲንግል ኤ በአመት 26,200፣ ትሪፕል ኤ 35,800 ዶላር ነው የሆነው። እዚ በብር ስንመታው ያስደነግጣል፣ ሜሪላንድ ላይ ምን እንደሚገዛ ግን ወንድምዎን ይጠይቁት። ካቸር ደሞ ከሌላው ይልቅ ብዙ ሚማረው ስላለ እዛ ታች ሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ ብዙዎቹም እዛው ቀርተው ነው በ25 በ26 አመታቸው ምን ልስራ ሚሉት።

ስለዚ ኮሌጅ አልገባም ሚለው ነገር ላይ የኔ አቋም ግልፅ ነው፣ ይግባ። ይሄን ምለው የሀበሻ ዘመድ ሁሌ ሚለውን ለመድገም አደለም፣ በቤዝቦሉም ሂሳብ ስለሚያዋጣ ነው። በስተር ፖዚ ሚባለውን ይንገሩት፣ ልጁ በደንብ ያውቀዋል። ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ካቸር እንኳን አልነበረም፣ እዛ ነው የቀየሩት፣ በ2008 ከመላው አገር 5ኛ ሆኖ ተመረጠ፣ ለፊርማ ብቻ 6.2 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። ከሳንፍራንሲስኮ ጋር 3 ዋንጫ በላ፣ 2012 የሊጉ ኮከብ ሆነ፣ ከዛ በ34 አመቱ፣ ቡድኑ 107 ጨዋታ ባሸነፈበት በ2021፣ ገና እየቻለ በቃኝ ብሎ ወጣ። አሁን ያንኑ ቡድን የቤዝቦል ስራውን በፕሬዚዳንትነት ሚመራው እሱ ነው፣ ከ2024 ጀምሮ። «ከዛስ?» ላሉኝም መልሱ እዚ ጋ ነው፣ ሜዳውን ሙሉ ሲያይ የኖረ ሰው አሰልጣኝ ለመሆን ይፈለጋል። 4 ጊዜ ዋንጫ የበላው አሰልጣኝ ብሩስ ቦቺ ተጠባባቂ ካቸር ነበር፣ ጆ ቶሬም ካቸር ነበር፣ ኮኒ ማክ ሚባለው የድሮ ካቸር ፊላደልፊያን ከ1901 እስከ 1950 50 አመት አሰልጥኗል። ዴቪድ ሮስ አብዛኛውን እድሜውን ተጠባባቂ ሆኖ 15 ሲዝን ቆይቶ፣ 2016 በ39 አመቱ የዋንጫው የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ለቺካጎ ሆም ረን (ከሜዳ አልፋ ምትወጣ ምት) መትቶ ጫማውን ሰቀለ፣ ከ3 አመት በኋላ የዛው የቺካጎ ቡድን አሰልጣኝ አረጉት። እነዚህን ያቆያቸው ጉልበት ብቻ አደለም።

እና ሲደውሉለት «ተው» አይበሉት፣ ከናካቴው ስልክ አያነሳም። ህጉን ይጠይቁት፣ የ4 አመት ኮሌጅ የገባ ልጅ ከ3 አመት በኋላ ወይ 21 ሲሞላው እንደገና ለምርጫ ይቀርባል፣ ስለዚ በሩ አይዘጋም። ቡድኖች ከወዲሁ መርጠውት ጥሩ የፊርማ ገንዘብ ካቀረቡለት ደሞ ሌላ ወሬ ነው፣ ያኔ ከመፈረሙ በፊት ለወደፊት ትምህርቱ የኮሌጅ ክፍያ ኮንትራቱ ውስጥ እንዲገባለት ይጠይቅ፣ እንደዛ ሚባል አሰራር አላቸው። ጥሩ ገንዘብ ማለት ስንት ነው ካሉኝ፣ አባቱ «እንቢ በል» ለማለት አፉ ሚያያዝበት ያህል።

«ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ፣ ሯጩ እንደ ሲኖትራክ መጥቶ ካቸሩን ደርምሶት አለፈ፣ ዳኛው ዝም። ፋውል አደለም እንዴ?» ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

የድሮ ቪዲዮ ነው ያየኸው። ሯጩ ቤዝ ሚሏቸውን ማረፊያዎች ዞሮ ካቸሩ ጋ ያለው የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ነው ነጥብ ሚያገኘው፣ ያኔ ካቸሩ ኳሷን ይዞ መንገድ ከዘጋ ሯጩ ደርምሶት ኳሷን ማስጣል ይችል ነበር፣ ህጋዊ ነበር፣ ህዝቡም ያጨበጭብ ነበር። ከላይ ያነሳሁት ፖዚ በግንቦት 2011 እንደዚ ተመትቶ እግሩ ተሰብሮ የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተበጥሶ ሲዝኑ አበቃለት፣ በዓመቱ ተመልሶ ነው ኮከብ የሆነው። ትልቅ ሰው ሲጎዳ ህግ ይወጣል፣ እዛም እንደዚ ነው፣ 2014 ላይ ሯጩ ሆን ብሎ ካቸሩን መደርመስ እንዳይችል፣ ካቸሩም ኳስ ሳይዝ መንገድ እንዳይዘጋ ተከለከለ። ድሮ ይሻል ነበር ሚሉ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ፣ እነሱ ግን ቤዝ ላይ ቆመው ስላልተመቱ ነው።

«ግራኝ ነኝ። ፕሌይስቴሽን ቤት ግራኝ ካቸር ፈልጌ አጣሁ፣ አድልዎ ነው?» ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

ግማሹ አድልዎ ነው። ትልቁ ሊግ ላይ በግራ እጁ ሚወረውር ካቸር ለመጨረሻ ጊዜ የታየው 1989 ነው፣ ቤኒ ዲስቴፋኖ፣ ለፒትስበርግ 3 ጨዋታ። ምክንያት ሚሉት ሯጭ ሶስተኛውን ቤዝ ሊሰርቅ፣ ማለትም ኳስ ሳይመታ ሮጦ ሊይዝ፣ ሲል ግራኝ ካቸር ለመወርወር ሰውነቱን ማዞር አለበት፣ እዛች ጋ ጊዜ ይበላል ነው። እኔን ሚያሳምነኝ ግን ሌላው ነው፣ ጠንካራ ግራ እጅ ያለውን ልጅ አሰልጣኙ ገና ሲያየው ፒቸር ነው ሚያረገው፣ ለካቸርነት ማን ያባክነዋል። አንተም ጌሙ ላይ ፒቸር ሁን፣ ግራኝ ፒቸር ይፈለጋል።

«በልጅነቱ ያልታየ ሰው ካቸር ሆኖ ሚገንበት እድል አለ?» የፒያሳ ልጅ፣ ደሴ

ጥያቄህ ከሰፈርህ ጋር ይገጥማል፣ ሰውዬው ማይክ ፒያሳ ነው። አባቱ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ አሰልጣኝ ከቶሚ ላሶርዳ ጋር ወዳጅ ስለነበሩ በ1988 በ62ኛው ዙር 1,390ኛ ሆኖ ተመረጠ፣ ለአባትየው ይሉኝታ ብለው ነው ያስገቡት፣ በኛ ቋንቋ በዘመድ ገባ። ቦታውም ካቸር አልነበረም፣ ቀይሮ እንደ አዲስ ተማረ። ከተመረጠ ከ5 አመት በኋላ፣ 1993፣ የአመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ፣ ጡረታ ሲወጣ ካቸር ሆኖ ከመታቸው ሆም ረኖች 396 ተቆጥሮለታል፣ 2016 የታላላቆቹ ስም ሚቀመጥበት የዝና አዳራሽ ገባ። አሁን ምርጫው 20 ዙር ብቻ ስለሆነ 62ኛ ሚባል የለም፣ ዛሬ ቢሆን ፒያሳ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልክ ይጠብቅ ነበር።

«ሮቦት ዳኛ መጣ ሲባል ሰማሁ፣ ካቸር ከስራ ሊወጣ ነው?» ከኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ሰራተኛ

አይወጣም፣ አንድ ሙያው ግን ዋጋው ሊቀንስ ይችላል። ጎበዝ ካቸር ከመስመር ትንሽ የወጣችን ኳስ ጓንቱን ቀስ አርጎ ወደ ውስጥ እየሳበ ነው ሚይዛት፣ ዳኛው ልክ ናት ይላል። ይሄ ስርቆት ነው ብትል አልከራከርህም፣ ግን ለዚች ብቻ ብለው ሚሊዮን ሚከፍሉ ቡድኖች ነበሩ፣ መምታት ማይችሉ ካቸሮች በዚ ኖረዋል። ከ2026 ጀምሮ ዳኛው ሰው ሆኖ ይቀጥላል፣ ግን እያንዳንዱ ቡድን በጨዋታ 2 ጊዜ ኮምፒውተሩ ይየው ማለት ይችላል፣ ትክክል ከሆነ እድሉ አይቃጠልበትም። መጠየቅ ሚችሉት መቺው፣ ፒቸሩና ካቸሩ ብቻ ናቸው፣ አሰልጣኝ አይችልም፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው መታ ያረጋሉ በቃ። እና ኳሷን ከሁሉም አስተካክሎ ሚያያት ካቸሩ ስለሆነ አዲስ ስራ አገኘ ነው ምለው እኔ፣ መቼ ልጠይቅ መቼ ልተው ሚለው ራሱ ሙያ ነው።

«ከሁሉም ምርጡ ካቸር ማነው? ዝርዝር እንዳትሰጠኝ፣ አንድ ስም።» ከደሴ፣ አራዳ

ጆሽ ጊብሰን። ብዙ ሰው ጆኒ ቤንች ይላል፣ መብታቸው ነው፣ እጁ 7 ኳስ ባንዴ ሚይዝ ሰው ነበር። ጊብሰን ግን ጥቁር ስለነበር ትልቁ ሊግ አላስገባውም፣ አብዛኛውን እድሜውን የተጫወተው ጥቁሮቹ ለብቻቸው ባቋቋሟቸው ሊጎች ነው። ጃኪ ሮቢንሰን ያንን አጥር ሚያዝያ 1947 ሲሰብር ጊብሰን ከ3 ወር በፊት ጥር ላይ በ35 አመቱ ሞቷል። 1972 የዝና አዳራሽ አስገቡት፣ የነዛ ሊጎች ውጤት ከትልቁ ሊግ መዝገብ ጋር ተደምሮ የወጣው ግን ገና 2024 ላይ ነው፣ ሲደመር ከ1000 ሙከራ 372 ሚመታ ሆኖ ከድሮው አንደኛ ከታይ ኮብ በልጦ የመቺዎች ሁሉ አንደኛ ሆነ፣ ካቸር ሆኖ፣ በዛ ጉልበት። ያሁን ዘመን ሰው ከፈለግህ የሲያትሉን ካል ራሌይ እይ፣ 2025 ላይ 60 ሆም ረን መቷል፣ ከሱ በፊት ካቸር ሆኖ ከ48 ያለፈ አልነበረም።

«ከአፍሪካ የደረሰ አለ?» ከኮምቦልቻ

ካቸር ሆኖ የደረሰ አላውቅም፣ የመጀመሪያው ሰው ራሱ ካቸር አልነበረም። ደቡብ አፍሪካዊው ጊፍት ንጎፔ ሚያዝያ 2017 ለፒትስበርግ ገባ፣ አፍሪካ ተወልዶ ትልቁ ሊግ ላይ የተጫወተ የመጀመሪያው እሱ ነው፣ በመጀመሪያው የመምታት ተራውም መትቶ ቤዝ ላይ ደረሰ። ከኛ ገና ነው።

«ማየት ፈልጌ ነበር፣ በኛ ሰአት መቼ ነው?» ከደሴ፣ ማታ ማታ ሱቅ ጠባቂ

ሲዝኑ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ በፈረንጆቹ ነው፣ ዋንጫው ጥቅምት ላይ። የምስራቅ አሜሪካ የማታ ጨዋታዎች ለኛ ከሌሊቱ 8 ሰአት አካባቢ ይጀምራሉ፣ ላንተ ጥበቃ ላይ ላለኸው ይመቻል፣ ለሌላው ሰው ግን እሁድን ነው ምመክረው፣ የቀን ጨዋታ ስለሚበዛ ለኛ ከምሽቱ 2 ሰአት ተኩል ላይ ይጀምራል። መጀመሪያ ቀን ሙሉ 9 ዙር ለማየት አትሞክር፣ ይሰለችሃል። ሶስት ዙር ምረጥና ኳሷን ተዋት፣ ካቸሩን ብቻ እይ፣ ፒቸሩ ሳይወረውር ጓንቱን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ቤዝ ላይ ሰው ሲኖር አቀማመጡን እንዴት እንደሚቀይር፣ ሯጩ ሲነሳ ከቁጢጥ ተነስቶ 38 ሜትር ከ80 ወደ ሁለተኛው ቤዝ በ2 ሰከንድ እንዴት እንደሚያደርሳት። ዳታ ቆጥብ፣ ጥራቱን ወደ 360 አውርደው፣ በዛም ይታያል።